ጥላው የከበደ ገጽ

እኛ ጥላ እንወዳለን። አማርኛችን ራሱ ይመሰክራል። ታቦት ሲወጣ ከላይ የሚዘረጋው ጥላ ነው። ፀሐይም ዝናብም ሲበረታ የምንይዘው ጥላ ነው። የሚያስጠጋን ዘመድ "ጥላ ከለላዬ" ነው። ግርማ ሞገስ ያለውን ሰው "ጥላው ይከብዳል" እንለዋለን፤ ያልታደለውን ደግሞ "ጥላ ቢስ"። እናም የዲዛይን ሶፍትዌር መጥቶ "ድሮፕ ሻዶ" የምትባል ነገር ሲያሳየን ዓይናችንን አላሸንም። የሠርግ ጥሪው ጥላ አለው። የሙት ዓመት ማስታወቂያው ጥላ አለው። የምረቃ መጽሔቱ ጥላ አለው። የግድግዳ ካላንደሩ ላይ ቀኖቹ ሳይቀሩ ጥላ አላቸው። ጥላ የሌለው ርእስ ለብዙ ሰው ያላለቀ ሥራ ነው። "ባዶ ሆነ እኮ፣ ትንሽ ጥላ ነገር ጣልበት" የምትለዋን ትእዛዝ ሰምቶ የማያውቅ ዲዛይነር ካለ እጁን ያውጣ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህች ጥላ ነው። ስክሪን ላይ እንደዚያ አምራ፣ ወረቀት ላይ ስትደርስ ለምን ቀለም እንደምታበላሽ። ጉዳዩ ለኮምፒውተር ሰዎች ብቻ የሚተው ይመስላል። እንዳይመስላችሁ። እኔ ባየሁት ሥራ ላይ ይቺ ጥላ የአንድ ሕዝብን የቋንቋ ስም ከገጽ ላይ ልታጠፋ ምንም አልቀራትም ነበር።

*

መጀመሪያ አንዲት ፊደል ላስተዋውቃችሁ፦ "ኽ"።

ሰቆጣ ዋና ከተማው የሆነችው ዞን በአማርኛ ጽሑፍ አንዴ "ዋግ ሕምራ"፣ አንዴ "ዋግ ህምራ" እየተባለ ይጻፋል። እዚያ የሚነገረው የአገው ቋንቋ ኽምጣና ነው፤ የሚጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። በዞኑ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩበታል። አማርኛ ተናጋሪ "ኽ"ን በ"ህ" ቢተካት ብዙም አይጎዳም፤ ጆሮው ልዩነቱን አይፈልገውም። ኽምጣና ላይ ግን "ክ" ሌላ፣ "ኽ" ሌላ ናት። ሁለቱን የሚለያቸው አናት ላይ የተጫነች አንዲት ትንሽ ሰረዝ ናት። ሰረዟ ከጠፋች "ኽምራ" "ክምራ" ይሆናል። ክምራ ደግሞ በአማርኛችን ከአውድማ አጠገብ የምናውቀው ነው። "ዋግ ክምራ" ብሎ መጽሔት ማሳተም ማለት እንግዲህ...

መጽሔቱ በሰቆጣ የአንድ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ መጽሔት ነበር። 48 ገጽ፣ 1,000 ቅጂ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኽምጣና። "ጋዜጠኝነት ተምረሽ የለ?" ተባልኩና አርታዒም፣ አራሚም፣ ማተሚያ ቤት ተመላላሽም ሆንኩ። (የጋዜጠኝነት ዲግሪ በሀገራችን ይኼን ሁሉ ያጠቃልላል፤ አንዳንዴ ፎቶ ማንሳትና እንግዳ መቀበልም ይጨመርበታል።) ዲዛይኑ የተሠራውም፣ ኅትመቱ የተሰጠውም ከሰቆጣ ሩቅ በሆነ ከተማ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ፋይል በፍላሽ ይዤ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ የማየው እኔ ነበርኩ።

በዲጂታል ፕሪንተር የወጣውን ናሙና ሰቆጣ ላይ ሁሉም አይተውት ፈርመዋል። ማለፊያ ነበር። ኦፍሴት ማሽኑ ላይ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ሲወጡ ግን ሦስት ጉድ ታየ።

አንደኛ፣ ሽፋኑ። ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አለ፤ ከሥሩ አረንጓዴ መደብ፣ መደቡ ላይ ርእሱ። በርእሱ ዙሪያ አራት ማዕዘን ሳጥን ታየ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አረንጓዴና ውጭ ያለው አረንጓዴ አይመሳሰሉም። ልክ የተቀደደ ልብስ ላይ በሌላ ጨርቅ እንደተለጠፈ እራፊ።

ሁለተኛ፣ የውስጥ ፎቶዎች። ጥላ የተደረገባቸው ፎቶዎች ላይ የሰዎቹ ፊት ወደ ቡናማ አዘንብሏል። ጥላ የሌለባቸው ፎቶዎች ጤነኛ ናቸው። የአንድ ቀን ፎቶዎች፣ የአንድ ካሜራ ፎቶዎች።

ሦስተኛው የባሰው ነው። በየገጹ አናት ላይ በትንሹ የተጻፉት "ዋግ ኽምራ" እና "ኽምጣና" የሚሉት ቃላት ጥላቸው ተንዘላዝሎ ፊደሉን ሞላው። በሰረዟ ዙሪያ የነበረው ነጭ ጠፋ። ከአንድ ክንድ ርቀት ስታዩት የምታነቡት "ክምራ" ነው። በ48 ገጽ ላይ።

የፕሌት ክፍሉ ባለሙያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና "እህቴ፣ እኛ ፋይሉ እንደመጣ ነው ያወጣነው" አለኝ። ዲዛይነሩ በስልክ "እኔ ጋ ምንም ችግር የለም፣ ስክሪኔ ላይ አሁንም እያየሁት ነው" አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ችግሩም ይኼው ነው።

*

ጥላ ለኮምፒውተሩ ቀለም አይደለችም፤ ትእዛዝ ናት። "እዚህ ጋ ከሥር ያለውን ነገር ይህን ያህል አጥቁረው" የምትል ትእዛዝ። ስክሪን ብርሃን ስለሆነ ትእዛዟን እዚያው ፈጽሞ ያሳየናል። ኦፍሴት ማሽን ግን "ከፊል የሚያሳይ" የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው አራት ፕሌት ነው፦ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ፕሌቱ ላይ ነጥብ አለ ወይም የለም። ስለዚህ ከስክሪን እስከ ፕሌት ባለው መንገድ ላይ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ትእዛዟን ወደ ነጥብ መተርጎም አለበት። "ፍላተን" የሚሉት ይህንን ነው። ቀለም የሚበላሸው እዚህ ትርጉም ላይ ነው።

የሽፋኑን ሳጥን እንውሰድ። ዲዛይነሩ አረንጓዴውን የመረጠው ከፓንቶን ዝርዝር ነው። ፓንቶን ተቀምሞ በራሱ ፕሌት የሚታተም አምስተኛ ቀለም ነው። የእኛ መጽሔት ግን ባለ አራት ቀለም ስለሆነ ማተሚያ ቤቱ ፓንቶኑን በመጨረሻ ወደ አራቱ ቀለሞች ቀየረው። ጥላው ያረፈበት ቦታ ግን ፒዲኤፍ ሲሠራ ቀድሞውኑ ተቆርጦ በሌላ ስሌት ተቀይሯል። አንድ አረንጓዴ በሁለት ቦታ፣ በሁለት ተርጓሚ ተተረጎመ። ድንበሩ የጥላዋ አራት ማዕዘን ነው። ዲጂታል ፕሪንተሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለቀየረው ናሙናው ላይ ሳጥኑ አልታየም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ፓንቶን የማይታተም ከሆነ ከመጀመሪያው ፓንቶን አለመጠቀም፤ ካለም ፒዲኤፍ ከመሠራቱ በፊት በኢንዲዛይን የቀለም ማስተዳደሪያ ሁሉንም ወደ ሲኤምዋይኬ መቀየር።

የፎቶዎቹ ቡናማነት ሌላ ምክንያት አለው። ኢንዲዛይን ጥላ ያለበትን ገጽ የሚያሰላው በአርጂቢ ወይም በሲኤምዋይኬ ነው፤ ምርጫው "ትራንስፓረንሲ ብሌንድ ስፔስ" የሚባል ቦታ ተደብቋል። ሰነዱ ለኅትመት ሆኖ ምርጫው አርጂቢ ላይ ከቀረ፣ ጥላው የነካው ፎቶ ከሲኤምዋይኬ ወደ አርጂቢ ሄዶ ተመልሶ ይመጣል። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጎመ ደብዳቤ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ፍሬ ነገሩ አለ፣ ለዛው የለም። ጥላ ያልነካው ፎቶ ደግሞ አልተጓዘምና ጤነኛ ነው። የእኛ ሰነድ ምርጫው አርጂቢ ላይ ተገኘ። ሁለት ጠቅታ ሥራ ነበር።

የጥላው ጥቁር ራሱም መታየት አለበት። በአርጂቢ "ጥቁር" የተባለው ቀለም በፎቶሾፕ የቆየ የአሜሪካ ቅንብር ሲቀየር ሲያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 በመቶ ይሆናል፤ ድምሩ 300። ለአርት ፔፐር የሚመከረው ጣሪያ ከ300 እስከ 320 በመቶ አካባቢ ነው፤ ለጋዜጣ ወረቀት 240። እንግዲህ ጋዜጣ ወረቀት ላይ በአራት ቀለም የተሠራ ድፍን ጥላ ከወረቀቱ አቅም በላይ ነው፤ አይደርቅም፣ ከጀርባው ወዳለው ገጽ ይለጥፋል። ከዚያም በላይ አራቱ ፕሌቶች በፀጉር ያህል ከተዛነፉ ጥላው ጠርዙ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጥምጥም ያወጣል። ጥቁር ቀለም ብቻ ያለበት ጥላ ግን የሚዛነፈው ነገር የለውም።

ስልቱም "መልቲፕላይ" መሆን አለበት። "ኖርማል" ከሆነ ጥላው ከሥሩ ያለውን ቀለም አስወግዶ በቦታው ጥቁር ይተካል፤ አረንጓዴ ሣር ላይ የወደቀው ጥላ አመድ ይሆናል። መልቲፕላይ አረንጓዴውን እንዳለ ትቶ ጥቁር ይጨምርበታል። እውነተኛ ጥላም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰቆጣ ላይ ቀትር ሲሆን በግ ከግንብ ሥር ሲጠለል ሣሩ አረንጓዴነቱን አይተውም፤ ይጠቁራል እንጂ።

*

ወደ "ኽ" ልመለስ፤ ምክንያቱም ሰውዬውንና እኔን ረጅም ሰዓት ያስቀመጠን እሷ ናት።

ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይሰፋል። ወረቀቱ ያልተቀባ፣ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይሰፋል። ፕሌቱ ላይ 50 በመቶ የሆነ ነጥብ ጋዜጣ ወረቀት ላይ 75 በመቶ አካባቢ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ኢንዲዛይን ጥላን ሳትነኩት የሚሰጣችሁ በ75 በመቶ ድምቀትና በ135 ዲግሪ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ ከላይ መጥቶ ጥላው ወደ ቀኝ ወደ ታች ይወድቃል ማለት ነው። አሁን ትንሽ ጥቁር ፊደል አስቡ። አናቱ ላይ ሰረዝ አለች። የሰረዟ ጥላ ወደ ታች፣ በሰረዟና በፊደሉ ትከሻ መካከል ወዳለችው ጠባብ ነጭ ይወድቃል። 75 በመቶው ወረቀቱ ላይ ሰፍቶ ጥቁር ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል። ነጯ ሞተች። ፊደሏ "ክ" ሆነች።

ለላቲን ፊደል የተሠራ ልማድ መሆኑን እዚህ ላይ አስተዋልኩ። "ኤል" እና "ኦ" ሰፊ ክፍት ቦታ አላቸው፤ ጥላ ቢወድቅባቸውም ይነበባሉ። የእኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚሸከመው በትንንሽ ቅጥያ ነው። "ሰ" እና "ሸ"፣ "ተ" እና "ቸ"፣ "ነ" እና "ኘ"፣ "ቀ" እና "ቐ"። ሁሉም አናት ላይ ባለች ምልክት ነው የሚለያዩት። ጥላ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወድቀው። አማርኛ አንባቢ "ሸ" ተሞልታ "ሰ" ብትመስለው ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል፤ ሲያነብ የኖረ ነውና። ኽምጣናን በጽሑፍ ገና የሚለማመድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን በምን ይገምታል? ከመጽሔቱ ነው የሚማረው። መጽሔቱ "ክምጣና" ካለው፣ ክምጣና ነው።

ባለሙያው ይኼን ስነግረው መጀመሪያ ፈገግ አለ። "ሰው ይረዳዋል እኮ እህቴ፣ ማን አጥቶት ነው" አለኝ። "ጋሼ፣ የእርስዎ ስም ላይ አንዲት ሰረዝ ተነሥታ መታወቂያ ቢወጣልዎ ይቀበሉታል?" አልኩት። አልመለሰልኝም። ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ሳበ።

ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል። ከትንንሽ ፊደላት ላይ ጥላውን በሙሉ አነሣን። ጥላ የቀረው ሽፋኑ ርእስና ፎቶዎቹ ላይ ብቻ ነው። እዚያም ቀለሙን ጥቁር ብቻ፣ ስልቱን መልቲፕላይ፣ ድምቀቱን 35 በመቶ አደረግን። ጽሑፎችን ሁሉ ለብቻቸው ከሁሉም በላይ ያለ ሌየር ላይ አወጣን፤ ከጥላ ሥር የተኛ ጽሑፍ ሲተረጎም ወደ ምስል ይቀየራል ወይም ይወፍራል፤ ከላይ ያለው አይነካም። ፓንቶኑን ቀየርን። ብሌንድ ስፔሱን ሲኤምዋይኬ አደረግን። ከዚያ "ሴፓሬሽንስ ፕሪቪው"ን ከፍተን አራቱን ፕሌቶች አንድ በአንድ እያጠፋን አየን። ጥቁሩን ፕሌት ስናጠፋ ጥላው በሙሉ መጥፋት አለበት፤ የሚቀር ቡናማ ጭጋግ ካለ ጥላው ውስጥ ሌላ ቀለም ተደብቋል ማለት ነው። ይቺን ሙከራ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ገንዘብ አትጠይቅም፣ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም።

በመጨረሻ ፒዲኤፉ። ፒዲኤፍ ኤክስ-1ኤ የሚባለው ደረጃ ጥላን እንደ ጥላ አይቀበልም፤ ተተርጉሞ እንዲመጣለት ይፈልጋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒዲኤፍ ኤክስ-4 ግን ጥላውን ሕያው አድርጎ ይዞ ይሄዳል፤ ትርጉሙን የሚሠራው ፕሌት የሚያወጣው ማሽን ራሱ ነው። የትኛውን እንደሚቀበሉ ማተሚያ ቤቱን መጠየቅ አንድ ስልክ ነው። የእነሱ ማሽን አዲሱን ይቀበል ነበር። ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩም።

የአዲሱ ፕሌት ሂሳብ ግን የእኛ ሆነ። "ፋይሉ እንደመጣ ነው ያወጣነው" የምትለዋ ዐረፍተ ነገር በውል ቋንቋ ብዙ ገንዘብ ታወጣለች። ሰቆጣ ያሉት አለቆቼ ሁለተኛ በጀት አልነበራቸውም፤ ከ48 ገጽ 8 ገጽ ቀንሰን ሂሳቡን አጣጣን። የተቀነሱት የኃላፊዎች መልእክትና ፎቶ ናቸው። (በዚህኛው ጥላዋን አመሰግናታለሁ።)

*

ታሪኩን ወደ ኋላ ስስበው የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። በፔጅሜከር ዘመን፣ ለስላሳ ጥላ ገና ሳይመጣ፣ የእኛ ጋዜጣና መጽሔት ሠሪዎች ጥላ ይሠሩ ነበር። ርእሱን ገልብጠው፣ ቅጂውን ግራጫ አድርገው፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርገው ከሥር ያስቀምጡታል። ጠርዙ ደረቅ ነው፣ አያምርም፣ ግን አንድም ቀን ሳጥን አላመጣም፤ ምክንያቱም ግራጫው ተራ ቀለም ነበር፣ የሚተረጎም ትእዛዝ አልነበረውም። ኢንዲዛይን በ2002 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ እትሙ ላይ ለስላሳውን ጥላ ይዞ ሲመጣ ጠርዙን ወደድን፤ ትርጉሙን ማን እንደሚሠራው ግን አልጠየቅንም።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ የብራና ጸሐፊዎቻችን የሚከበረውን ስምና የምዕራፍ መነሻ ለመለየት ቀይ ቀለም ብቻ በቂያቸው ነበር። ጥቁርና ቀይ። በዚያ የተጻፈ ነገር ዛሬም ሰረዙ ሳይጠፋ ይነበባል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንም ቅዱሳኑ መሬት ላይ ጥላ ሳይጥሉ በወፍራም መስመር ተከብበው ቆመዋል፤ ክብራቸው አልቀነሰም። ጥላ አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። ጥላ የሌለው ነገር ባዶ ነው የሚለው እምነት ግን የእኛ አልነበረም፤ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የተጫነ ነው።

ይህ ነገር ከውበትም ያልፋል። ሰቆጣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም ስሟን ለአንድ ትልቅ ቃል ሰጥታለች። የሰቆጣ ቃል ኪዳን መንግሥት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ በሪፖርት፣ በፖስተር፣ በብሮሸር ይነገራል። በእኛ መጽሔት ውስጥም አንድ የአሞሌ ግራፍ ነበር፤ እያንዳንዱ አሞሌ ወፍራም ጥላ ለብሷል። ወረቀቱ ላይ ጥላው ሰፍቶ ከአሞሌው ጋር አንድ ሲሆን አሞሌዎቹ ሁሉ ወፈሩ፤ በሁለት ዓመት መካከል የነበረው ክፍተትም ተዋጠ። ቁጥሩ አልተዋሸም፤ ሥዕሉ ግን ዋሸ። ቁጥር ለማያነብ እናት የሚደርሳት ሥዕሉ ነው።

ለዚህ ነው ጥያቄው የዲዛይነር ብቻ አይደለም የምለው። ጽሑፉን የሚያርመው፣ ናሙናው ላይ የሚፈርመው፣ "ትንሽ ጥላ ጣልበት" ብሎ የሚያዘው፣ ፋይሉ እንደመጣ የሚያወጣው፣ ሁላችንም በስክሪኑና በወረቀቱ መካከል ቆመናል። ጥላ የራሷ ቀለም የላትም፤ የወደቀችበትን ነው የምታጠቁረው። ስለዚህ ከመጣላችን በፊት መታየት ያለበት ከሥር ያለው ነው፦ ምን ወረቀት ነው? ምን ቀለም ነው? ምን ፊደል ነው? ፊደሏስ ለማን ናት?

መጽሔቱ ታትሞ፣ በ40 ገጽ፣ ሰቆጣ ገብቷል። በየገጹ አናት ላይ "ኽ" ሰረዟን እንደያዘች አለች። ጥላ የላትም።